የሥጋ ቅናሽ

ምድር ቤት ወርዶ የማያውቅ የሆስፒታላችን ሠራተኛ ጋሼ ገንዳን ዓሣ አርቢ አድርጎ ነው የሚያስባቸው። ስሙ የወጣላቸው በአንድ የመስታወት ገንዳ ነው። ገንዳው ዱሮ እውነትም የዓሣ ነበር፤ ባለቤቱ ዓሣዎቹ እያለቁበት ሲሰለቸው ጋሼ ተሸክመው አመጡትና ጥገና ክፍላቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ያገኛቸው ሁሉ፣ ከጥበቃው ጀምሮ እስከ ዳይሬክተሩ፣ «ጋሼ፣ ዓሣው ደህና ነው?» ይላቸዋል። እሳቸውም ሃያ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ፣ «ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል» እያሉ ያልፋሉ። እኔ ብሆን ገና በሁለተኛው ሳምንት ሰው እደበድብ ነበር።

እኔ የምሠራው ፎቅ ላይ፣ አልትራሳውንድ ክፍል ነው። የነፍሰ ጡሮቹን ሆድ የማየው እኔ ነኝ። ጋሼ «የላይኛዋ» ይሉኛል። ከሳቸው ጋር ስንጨቃጨቅ ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ የምንጨቃጨቅበት ነገር ደግሞ አንድና አንድ ነው። ማሽኔን ይወስዱብኛል። በሦስት ወር አንዴ፣ ልክ ለምሳ ስነሳ፣ የመጨረሻዋ ታካሚ መውጣቷን በበሩ ስንጥቅ አረጋግጠው ይገባሉ። ሴት ተኝታ እያለች ገብተው አያውቁም፤ እንዲያ ያለ ነገር ያሳፍራቸዋል። ከዚያ ማሽኑን እየገፉ ወደ ሊፍቱ። «አንድ ሰዓት» ያሉት ሦስት ሰዓት ይሆናል። ኮሪደሩ ይሞላል፣ ሴቶቹ እኔን ይቆጡኛል፣ እኔ ደግሞ ወርጄ እሳቸውን እቆጣለሁ።

«ዝም በይ!» ይሉኛል ገና በሩን ስከፍት።

«ኧረ አልተናገርኩም!»

«ልትናገሪ ነው።»

ክፍላቸው ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነው። ማጠቢያዎቹ ሲሽከረከሩ ግድግዳው ስለሚንቀጠቀጥ፣ ጋሼ የሚለኩት የማጠቢያ ክፍሉ ሴቶች ለምሳ ሲወጡ ብቻ ነው። የገንዳውን ውሃ ከዋዜማው አፍልተው ያቀዘቅዙታል፤ የአየር አረፋ ጠላታቸው ነው። የማሽኑን ፕሮብ፣ ማለትም እኛ ሆድ ላይ የምናስኬደውን እጀታ፣ ውሃው ውስጥ ያስሩታል። ፊት ለፊቱ መርፌ የምታህል ድምፅ ሰሚ አለች። እሷን በብሎን ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር እያንቀሳቀሱ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ በደብተር ቁጥር ይጽፋሉ። አንድ ጊዜ አነጠስኩና አንድ ገጽ ሙሉ ሰርዘው እንደ አዲስ ጀመሩ። ለሳምንት አላናገሩኝም።

ሥራቸው እንዲህ ነው። አልትራሳውንድ ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ነው። ወደ ሰውነት ይገባል፣ ይመለሳል፣ ከአመላለሱ ምስል እናገኛለን። ግን ድምፅም ኃይል አለው፤ ሲበዛ የነካውን ቦታ ያሞቃል። ገና በማደግ ላይ ባለ ጽንስ ደግሞ በእንዲህ ያለ ነገር አይቀለድም። ስለዚህ ምን ያህሉ ኃይል ውስጥ ድረስ እንደሚደርስ ማወቅ አለብን። ያው ሕያው ሴት ሆድ ውስጥ መርፌ ሰክቶ የሚለካ የለም። ጋሼ ውሃ ውስጥ ይለኩና ሌላውን በስሌት ያገኙታል። ውሃ ድምፁን እንዳለ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ያሳልፈዋል፤ ሥጋ ግን እየመጠጠ ያደክመዋል። እናም ከውሃው ቁጥር ላይ እንደ ጥልቀቱና እንደ ድምፁ ቅጥነት ይቀንሳሉ። ይህንን እሳቸው «የሥጋ ቅናሽ» ብለው ሰየሙት። «ጋሼ፣ ዛሬ የሥጋ ቅናሽ አለ እንዴ? ሁለት ኪሎ ያዙልኝ» ያላላቸው ሰው የለም፤ እኔም ብያለሁ።

ሲጨርሱ ማሽኑ ላይ ባለ ቀለም ወረቀት ይለጥፋሉ፤ አረንጓዴ ከሆነ ተጠቀሙ፣ ቀይ ከሆነ አትንኩ። ከሥሩ ፊርማቸው አለ። በጣም ትንሽ፣ የተጠነቀቀች ፊርማ ናት። ያቺ ፊርማ ካለች እኔ ምንም አልጠይቅም።

የልብ ምት የምናሰማበት ዶፕለር የሚባለው ቁልፍ ላይ አረንጓዴ ነበር። «ከስምንት ሳምንት ጀምሮ፣ ከግማሽ ደቂቃ ላልበለጠ» ይላል። ዶፕለር ድምፁን አንድ ቦታ ላይ ሰብስቦ ስለሚልክ ከምስሉ ይበረታል፤ ግን እንዲህ ተጽፎ ተፈርሞበታል፣ እኔ ምን ቤት ነኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ቀኑን ሙሉ እግሬ እስኪያብጥ የምቆመው ለዚያች ግማሽ ደቂቃ ብዬ ነው። ቁልፏን ስጫናት ክፍሉን የሚሞላው «ዱግዱግዱግ» አለ አይደል፣ ስንቷ ኮስታራ ስታለቅስ አይቻለሁ። አንዷማ በደስታ የምታደርገው ሲጠፋት ተነስታ እኔን ሳመችኝ፤ ሆዷ ላይ የቀባሁት ጄል ለሁለታችንም ተዳረሰ።

የጋሼ ሚስት ከሞቱ ቆይተዋል። ያሏቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ እንደ አባቷ ሚሊ ሜትር የምትቆጥር፣ ከአባቷ በተለየ ደግሞ የመጣላትን የምትናገር። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ወርዶባታል። ሁለተኛውን ያየሁት እኔ ነኝ። ፕሮቡን ይዤ ቆሜ፣ ቁልፉን ተጭኜ፣ ክፍሉ ዝም አለ። «ድምፁ የታለ?» አለችኝ። ዶክተሯን ጠርቼ ስወጣ ጋሼ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ያን ቀን ስለ ዓሣው የጠየቃቸው የለም።

ሦስተኛው ሲመጣ ልጅቷ ምንም ነገር አላዘጋጅም አለች። ሕፃን ልብስ ለሌላው ስትሰፋ የምትውል ሴት ለራሷ አንዲት ክር አላስገባችም። «ስክሪኑን አላምነውም» አለችኝ ቀጠሮ ልታስይዝ የመጣች ጊዜ። «ባለፈውም ስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር ይታይ ነበር። በጆሮዬ ካልሰማሁ አላምንም።» ጋሼም በዚህ በዚያ ብለው ሲያጽናኗት፣ ከአፋቸው አንድ ቃል አመለጣቸው። «ትሰሚዋለሽ። ማሽኑን እኔ ራሴ በእጄ አይቼልሻለሁ» አሏት። እሳቸው ደግሞ የማይሆን ነገር ቃል የሚገቡ ሰው አይደሉም። እሷም ያን ቃል ይዛ ስምንተኛው ሳምንት እስኪደርስ ቀን ትቆጥር ጀመር።

የቀጠሮዋ ጠዋት ተራዋ ሲደርስ ኮሪደሩ ውስጥ አጣኋት። አባቷ ጋ እንደምትሆን ገምቼ ወረድኩ። አልተሳሳትኩም፤ የጋሼ በርጩማ ላይ እግሯን አጣምራ፣ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ታቅፋ፣ ፊቷን አጨማድዳ ተቀምጣለች። ማጠቢያዎቹ ከግድግዳው ወዲያ ያጓራሉ።

«አባዬ፣ ልፈነዳ ነው» አለች። «እነዚህ ሰዎች አንድ ሊትር ሙሉ አጠጥተው ሽንት ቤት አትግቢ ይላሉ። በሽተኛ ነው የሚያክሙት ወይስ ጀሪካን የሚሞሉት?»

ጋሼ ደንግጠው ወደኔ ዞሩ። «የላይኛዋ፣ ምን አድርጋችኋት ነው?»

«ሁሉንም እንዲያ ነው የምናደርጋቸው» አልኩ። በቀን አሥር ጊዜ የምለው ስለሆነ ሳላስብ ወጣኝ፤ «እርግዝናው ገና ሲሆን ማህፀኗ ጥልቅ ቦታ ላይ ነው ያለው። ፊኛዋ በሽንት ሲሞላ ከፊቱ ይመጣል፣ ውሃው ለድምፁ መንገድ ይከፍትለታል። ያኔ ጥርት ብሎ ይታየኛል።»

«ምን አልሽ?»

«ጥርት ብሎ ይታየኛል።»

«ከዚያ በፊት ያልሽውን።»

«ውሃው መንገድ ይከፍትለታል።»

ጋሼ ገንዳውን አዩት። ከዚያ የልጃቸውን ሆድ አዩ። ከዚያ እንደገና ገንዳውን። እኔ እንደ ሁልጊዜው ሊያሾፉብኝ ነው ብዬ ምላሴን አዘጋጅቼ ቆሜያለሁ።

«ቆዳዋ ላይ ከምታስቀምጪበት እስከ ጽንሱ ስንት ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ይለያያል። ሰባት ሴንቲ ሜትር ይበሉት።»

«ከሰባቱ ውሃው ስንት ነው?»

«እንዲህ ጢም ስትል? አምስቱ ውሃ ነው።»

ደብተራቸውን ገለጡ። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ። ሰባት ሴንቲ ሜትር ሥጋ የሚለውን ሰርዘው ሁለት ሴንቲ ሜትር ሥጋ ብለው ጻፉ፣ አሰሉ፣ እንደገና አሰሉ። እኔ በትከሻቸው በኩል አየሁ። የፊተኛው ስሌት ከመቶው አሥራ ስምንቱ ብቻ ይደርሳል ይላል። አዲሱ ስድሳ አንድ ይል ነበር።

ነገሩ ለማንም ግልጽ ነው። እሳቸው ታች ሆነው መንገዱ ሁሉ ሥጋ ነው ብለው ሲቀንሱ፣ እኔ ላይ ሆኜ ሴቶቹን ውሃ እያጠጣሁ ሥጋውን ከመንገድ አስነሳ ነበር። ያልነበረ ሥጋ ነው የቀነሱት። እሳቸው ሴት ተኝታ እያለች ገብተው ስለማያውቁ ጠርሙሱን አላዩም፤ እኔም ቁጥራቸውን ጠይቄ ስለማላውቅ አልነገርኳቸውም። በመሃላችን ያለው ሃያ ስምንት ደረጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ ስቆጣ እየቆጠርኩ ነው የምወርደው።

«አባዬ፣ ምንድነው? ሰው እዚህ ሊሞት ነው እኮ!» አለች ልጅቷ በርጩማው ላይ እየተወዛወዘች።

«ነይ ውጪ» አሏት፤ እሷን ቀድመው ግን ራሳቸው ወጡ። ሊፍቱን እንኳ አልጠበቁም።

ስንደርስ ጋሼ ክፍሌ ውስጥ ቆመዋል። በሕመምተኛ ሰዓት ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር። እጅጌያቸው ከገንዳው ውሃ ርሷል። አጎንብሰው የዶፕለሩን ቁልፍ አረንጓዴ ወረቀት በጥፍራቸው ይፍቃሉ።

«ኧረ ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ጮህኩ። ደሜ ፈላ። ያችን ቁልፍ ነው እንግዲህ፣ ከሁሉም ነገር መርጠው!

«ለምስሉ ሦስት እጥፍ ቢሆንም ከገደቡ ብዙ በታች ነው፣ እሱን ሥሪ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ይሄኛው ግን ገደቡን ያልፋል። እርግዝናቸው ገና ለሆኑት ዶፕለር የለም። ከዛሬ ጀምሮ የለም።»

ልጅቷ በሩ ላይ ቀጥ አለች። «ለእኔም?»

ጋሼ ቀና አሉ። ሰው የገዛ ልጁን እንዲህ ፈርቶ ሲያይ ማየት ይከብዳል። «ለአንቺም፣ ልጄ» አሉ።

«ትሰሚዋለሽ ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬሽ ነበር። ተሳስቼ ነው።»

«ለስንቱ ሴት ስታሰሙ ከርማችሁ እኔ ጋ ሲደርስ ነው የተሳሳትከው?» ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር። «ግማሽ ደቂቃ ምን ያደርገዋል? እሺ አሥር ሴኮንድ! አባዬ፣ አሥር ሴኮንድ!»

እውነቱን ልናገርና፣ እሳቸው ባይኖሩ ቁልፏን እጫንላት ነበር። ጋሼ የተላቀቀውን ወረቀት ጨብጠው ቆሙ።

ጫጫታውን ሰምታ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተሯ መጣች። ደብተሩን ተቀብላ አነበበች። እሷ ረጋ ያለች ሰው ናት፣ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ ይህን ቁጥር እኮ የፈረሙት እርስዎ ነዎት» አለች።

«እኔ ነኝ። የምቀደውም እኔ ነኝ።»

«እስካሁን ያሰማናቸው ሴቶችስ?»

«ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ ነው። ጉዳት ደረሰ የሚያሰኝ ነገር አላውቅም» አሉ ጋሼ። «ግን አልደረሰም ብዬ ልፈርምልሽ አልችልም። ዛሬውኑ በጽሑፍ አቀርባለሁ፣ ስሜን አስገብቼ።»

ዶክተሯ ትንሽ አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። በኋላ መዝገቡን ከእሷ ጋር ተቀምጠን አንድ በአንድ ፈትሸናል፣ ሴቶቹንም እየደወልን ጠይቀናል፤ ከሌሎቹ የተለየ ምንም አላገኘንም። ያኔ ግን ይህን ማን ያውቃል። ጋሼ ሥራዬን ያሳጣኛል ብለው ፈርተው እንደሆን እንጃ፣ ፊታቸው ላይ የነበረው ስለ ሥራ አይመስልም ነበር። ልጃቸውን ነበር የሚያዩት።

ልጅቷ አልጋው ላይ ወጥታ ተኛች። ልብሷን ገለጠች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ሊወጡ መጋረጃውን ሲይዙ፣ ሳትዞር «የት ነው የምትሄደው?» አለቻቸው። ቆሙ።

ጄሉን ቀባሁ። ፕሮቡን አስቀመጥኩ። ሁለተኛው ጊዜ ትዝ አለኝ። ውሃው ጥቁር ሆኖ ታየ፣ ጢም ብሏል፣ መንገዱ ተከፍቷል። ከሥሩ ማህፀኗ። ከውስጡ ደግሞ ዛሬ አራት ዓመቷ የሆነችው፣ ምድር ቤት በወረደች ቁጥር ገንዳውን በሁለት እጇ እየደበደበች «አያዬ፣ ዓሣው የታለ?» የምትለው ረባሽ፣ ያኔ የባቄላ ፍሬ አክላ ተኝታለች። መሃሏ ላይ አንዲት ነጥብ ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ ብልጭ ትላለች።

«አለ!» አልኩ። መጮሄ አልታወቀኝም። «ይመታል! እዪው፣ ይሄው!»

ልጅቷ ስክሪኑን ለማየት ዞረች። ብዙ አየችው። ያ መጥፎ አመሏ ግን አልለቀቃትም። «አልሰማሁትም» አለች።

ያኔ ጋሼ ቀረቡ። ዓይናቸውን ብልጭ በምትለው ነጥብ ላይ ተክለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ልክ ገንዳው ፊት እንደሚያደርጉት። ከዚያ በጠቋሚ ጣታቸው ጥፍር የአልጋውን ብረት ይመቱ ጀመር። ቱክቱክቱክቱክ፤ ብልጭ ባለች ቁጥር አንድ። ብረቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ድምፁ እስከ ትራሷ ይሄድላታል።

«ያንተ ጣት ነው» አለች።

«ጣቱ የኔ ነው። የምትመታው እሷ ናት፣ እኔ እከተላታለሁ።» እሷ ያሉበትን ምክንያት እስካሁን አላውቅም፤ በዚያ ዕድሜ ወንድና ሴት አይለይም።

«እያፈጠንከው ነው። እኔ ደስ እንዲለኝ ብለህ።»

«ቁጥር ላይ እዋሻለሁ?» አሉ።

እኔ ምስሉ ላይ ለካሁ፤ ያለ ዶፕለርም የምቱ ብዛት ይለካል። «መቶ ስድሳ» አልኩ። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ጣታቸውን ቆጠርኩ፤ ሩብ ደቂቃ፣ አርባ ምት። አንድ አልጎደለም፣ አንድ አልተጨመረም። ነገርኳት።

ልጅቷ ጆሮዋን ወደ ብረቱ አስጠጋችና ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ አፍንጫዋን ተሻግሮ ወደ ትራሱ ወረደ። ዶክተሯ ቀስ ብላ በሩን ዘግታ ሄደች።

እኔ የሚያስፈልገኝን አግኝቻለሁ። ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ሴኮንድ አትጨምሪ የሚለውን ደግሞ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ምስሉን አቆምኩት፣ ፕሮቡን አነሳሁት፣ ሆዷን በፎጣ ጠረግሁ። ስክሪኑ ላይ ነጥቧ በቦታዋ ደርቃ ቀረች። ጋሼ አይተዋታል። ጣታቸው ግን አላቆመም። ልኩን ይዘውታል፣ ቱክቱክቱክቱክ፣ ሲደክማቸው ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት፣ መሃል ላይ አንዲትም ሳትዘል።

ኮሪደሩ ሙሉ ሴት ተቀምጧል፣ ሁሉም ጢም ብለዋል፣ አንዷ በሩን ታንኳኳለች። ሌላ ቀን ቢሆን ጋሼን በር ድረስ በቁጣ እሸኛቸው ነበር። ያቺ ልፈነዳ ነው ስትል የነበረችው ሴት ሽንት ቤት የሚባል ነገር ረስታለች።

«አታቁም» አለቻቸው ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አላቆምም» አሉ ጋሼ። «ይሄኛው ገደብ የለውም። የፈለግሽውን ያህል ስሚው።»